የሸዋን አፋፍ በኪሎ ሜትር አትለኩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልን። በብስክሌት አገር ስለማየት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ያለን ብስክሌት ጠጋኞችና ተጓዦች እየተቀባበልን አነበብነው። ሐሳቡን ወደነዋል። የውጭ አገር ሰው የባሕሩን ዳር ይዞ እየነዳ፣ ሲያሻው ወደ ኮረብታው መንደር ወጥቶ እያደረ፣ በማግስቱ ወደ ባሕሩ እንደሚመለስ ጸሐፊው በደንብ አስረድተዋል። ይኸው ለሰሜን ሸዋም ይሆናል ማለታቸው ትክክል ነው። የተጣላነው ከመርሐ ግብሩ ጋር ነው። «ደብረ ብርሃን – ሸዋ ሮቢት፣ 95 ኪሎ ሜትር፣ አብዛኛው ቁልቁለት፣ ቀላል ቀን» ይላል። በማግስቱ ያንኑ 95 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ያስመልስና ከጎኑ «መካከለኛ» ብሎ ይጽፋል። ይህን አምኖ የወጣ ሰው መጀመሪያ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ጉልበቱን ይጨርሳል።

የባሕር ዳር መንገድ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም። እዚያ ሰውን የሚያደክመው ነፋሱ ነው፤ ዳገት ቢመጣም ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበትን ስርጥ ተሻግሮ የሚወጡት አጭር ዳገት ነው። ስለዚህ ኪሎ ሜትር መቁጠር ያስኬዳል፤ ትናንት 80 የሄደ ዛሬም 80 ይሄዳል። እኛ ዘንድ ኪሎ ሜትር ብቻውን ውሸታም ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። መሀል ላይ ያለው የተራራ ማለፊያ፣ ጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ነው። ከጣርማ በር ዋሻ እስከ ሮቢት ባለው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወረዳል ማለት ነው። በቁልቁለቱ ስሙ የታወቀው የአስመራ – ምጽዋ መንገድ እንኳ 2,300 ሜትሩን የሚወርደው በ115 ኪሎ ሜትር ነው። የእኛው በአማካይ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ቀኑን ለመገመት እኛ የምንጠቀምበት ስሌት ይህ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ጓዝ የጫነ፣ ጤነኛ፣ ግን እሽቅድምድም የማያውቅ ሰው በአስፋልት ሜዳ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በኮረኮንች ላይ ከ8 እስከ 10። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ሽቅብ 15 ደቂቃ ይጨመራል። ከሮቢት ወደ ጣርማ በር ለሚወጣ ሰው ይህን ስናሰላው ለርቀቱ 3 ሰዓት፣ ለከፍታው ከ4 ሰዓት ተሩብ በላይ፣ በድምሩ ከ7 ሰዓት የሚያልፍ ፔዳል መርገጥ ይመጣል። እረፍቱ፣ ምሳው፣ የጎማው ጣጣ አልተቆጠረም። ከዋሻው ወዲህ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ከሮቢት በንጋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው ጣርማ በር ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅበት ይደርሳል፤ የዚያን ሰዓት የጣርማ በር ብርድ ደግሞ ቆላ ሲያልበው የዋለን ሰው ሸሚዝ አይምርም።

የእኛ ባሕር ዳርቻ ታዲያ አፋፉ ነው። ከአንኮበር ተነስቶ በጣርማ በር አድርጎ እስከ መንዝ ጓሳ የሚዘልቀው የገደል ጫፍ። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ቆላው በጉም ሲሸፈን አፋፉ ላይ ለቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ያለው በእርግጥም ባሕር ይመስላል፤ ከጉሙ በላይ ብቅ ብቅ የሚሉት ተራሮች ደሴት ናቸው። የባሕር ዳር ብስክሌተኛ ውሃው ውስጥ ዘሎ ካልገባሁ እንደማይል ሁሉ፣ የአፋፍ ብስክሌተኛም ቆላ ካልወረድኩ ማለት የለበትም። ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው።

መንገዱን እንዲህ ብንከፍለው ይሻላል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን 130 ኪሎ ሜትር በብስክሌት መምጣት ትርፍ የለውም፤ የወሎ መስመር ነው፣ ሲኖትራኩና አይሱዙው የመንገዱን ትከሻ አይተውም። ከላምበረት መናኸሪያ ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ጭኖ መምጣት ነው። ደብረ ብርሃን ሁለት ሌሊት ይታደር። በዚህ ከፍታ አየሩ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ካለው ሰባ ሁለት በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ከቆላ ከተማ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሌሊት ራሱን ቢያመው፣ እንቅልፍ ቢያጣ አይደንግጥ፤ ግን በማግስቱ ጓዝ ጭኖ አይውጣ። ያን ቀን ባዶ ብስክሌት ይዞ በከተማው ዙሪያ፣ በበሬሳ ወንዝ በኩል ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢያንሸራሽር በቂው ነው።

ከዚያ አንኮበር፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው መንገድ በአምባው ላይ በገብስና በበግ አገር መሀል ያልፋል፤ መጨረሻው ላይ ግን ከአፋፉ ወርዶ ነው ከተማው የሚገባው። አንኮበር 2,465 ሜትር ላይ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ዝቅ ትላለች። ስለዚህ የመመለሻው ቀን በዳገት ነው የሚጀምረው፣ ያውም ሰውነት ሳይሟሟቅ። ቁርስ ጠግቦ በልቶ ወዲያው ዳገት መግጠም ሆድን ያውካል፤ ግማሹን በልቶ፣ ግማሹን አፋፉ ላይ ወጥቶ መጨረስ ይሻላል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደው መንገድ ያጓጓል። ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸው ከነበረበት ኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው እግሩ አይታዘዘውም። ካማረው ጓዙን አንኮበር ትቶ፣ ባዶውን ወርዶ፣ ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ይመለስ። በካርታ ላይ አንኮበርንና ደብረ ሲናን በወፍ ዋሻ ደን በኩል በቀጥታ የሚያገናኝ የሚመስለው መስመር ደግሞ አያታልለው። የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው፤ ፅዱና ዝግባው ውስጥ ጓዝ የተጫነ ብስክሌት የሚገፋ እንጂ የሚነዳ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ጣርማ በር ያለው ቀን ቀላል ነው። ከዋሻው ሳይገቡ ወደ ሰሜን በመገንጠል በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ ጓሳና መሐል ሜዳ መሄድ ነው የጉዞው ሁሉ ፍሬ ነገር። ለዚህ ሁለት ሙሉ ቀን ይመደብ፤ መንገዱ ሁሌም ከ3,000 ሜትር አካባቢ ብዙ ስለማይወርድ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ቢመስልም እስትንፋስ ያሳጥራል። ጓሳው ራሱ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን አጭዶ፣ ዘግቶ፣ እንደገና ከፍቶ ያቆየው ቦታ ስለሆነ ብስክሌት ከመንገዱ አውጥቶ ሣሩ ላይ መንዳት ነውር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮው ሰው አይነካም፣ ግን ምግብ አይሰጠው፤ አንዴ ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ የሚቀጥለውን መንገደኛ ቦርሳ ይበረብራል። ቀይ ቀበሮ ማየት የፈለገ ማለዳ ይነሳ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ሮቢትን ሳላይ አልመለስም የሚል ሰው አይጠፋምና ጸሐፊው «ብስክሌቱ ራሱ ይሄዳል» ያሉትን ሳናርም አናልፍም። ራሱ መሄዱ ነው ችግሩ። ሰው 65፣ ብስክሌት 15፣ ጓዝ 20 ኪሎ ብለን 100 ኪሎ እንያዝ። ይህ ክብደት 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 5 ሊትር ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ አንተክትኮ ያፈላል። ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ መንገድ ቢሆን አብዛኛውን ነፋሱ ይወስደው ነበር። ጠመዝማዛ ላይ ግን ፍጥነት ስለማይለቀቅ ያ ሙቀት የሚገባው ሁለት ቦታ ነው፤ የፍሬን ጎማው (የሚይዘው ላስቲክ) ውስጥና ቸርኬው (ጎማው የተገጠመበት ቀለበት) ውስጥ። ቸርኬው ሲግል አብሮት የታሰረው የውስጥ ጎማ ይግላል። በ15 ዲግሪ ብርድ 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ጎማ 75 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 75 ፒኤስአይ ይጠጋል። አዲስ ጎማ ይህን ይችለዋል። ያረጀ ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ ይወጣል፤ በቸርኬው በኩል ያለ ልጥፍም ማስቲሹ ሲለሰልስ ይላቀቃል። ቁልቁለት ላይ «ያለ ምክንያት ፈነዳ» የሚባለው ይህ ነው። የሚፈነዳው ደግሞ ሰው አብዝቶ የሚይዘው የፊተኛው ነው።

አያያዙ ላይ ነው ሥራው። ፍሬኑን ከላይ እስከ ታች ለስለስ አድርጎ ይዞ መውረድ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ከሁሉ የከፋው ግን እሱ ነው፤ ለመብረድ ጊዜ አይሰጥም፣ የፍሬን ጎማውም ላዩ ይተኮስና እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ጨብጠው ቢያንቁት አይዝም። ትክክለኛው ቀጥ ያለው ላይ ወገብን ቀና አድርጎ ደረትን ለነፋስ መስጠት፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ጠንከር አድርጎ አጭር መያዝ፣ ኩርባው ውስጥ ግን መልቀቅ ነው። ኩርባ ውስጥ፣ በተለይ አሸዋ ወይም የፈሰሰ ናፍጣ ባለበት፣ ፍሬን የያዘ ሰው ይንሸራተታል። በየ3 እና 4 ኪሎ ሜትሩ መቆም። ከዚያ በጣት ውሃ ነክሮ ቸርኬው ላይ ጠብ ማድረግ፤ «ጭስ» ካለ አሥር ደቂቃ መቀመጥ። በጣት ቸርኬውን መንካት አያስፈልግም፤ ይልጣል። ዲስክ ፍሬን ላለው ደግሞ ውሃ አይፈስበትም፤ የጋለ ዲስክ ውሃ ሲነካው ይጣመማል፣ ከዚያ ወዲያ ሙሉውን ጉዞ ሲፋቅ ይውላል። በመንገዱ ላይ ባለችው ደብረ ሲና ረዘም ብሎ መቆም ነው፤ ቆሎ ሻጮቹ አሉ፣ ፍሬኑም ይበርዳል።

ከመነሳት በፊት የሚታየው ብዙ አይደለም፤ ግን አይታለፍም። የፍሬን ጎማው ላይ የተቀረጹት መስመሮች በማለቅ ጠፍተው ከሆነ ይቀየር፤ የዲስኩ ከሆነ የሚፋቀው ክፍል ከ1 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ይቀየር። ሁለት ጥንድ ትርፍ ይያዝ። ሽቦው በመያዣው ጫፍ በኩል አንድ ፀጉር እንኳ ከተበጠሰ ሙሉው ይቀየር፤ የሚበጠሰው ሁሌም እዚያ ተደብቆ ነው። ቸርኬው ብረት ከሆነ፣ ማለትም ማግኔት የሚይዝ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ አይውረድ። ብረት ቸርኬ ጉም ሲያረጥበው ፍሬን ይዞ አይዝም፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ጉም እንግዳ አይደለም። ፍሬኑ በዘንግ የሚሠራው የድሮው ባለ 28 ብስክሌት ለደብረ ብርሃን ሜዳ ንጉሥ ነው፤ እዚህ አይሆንም።

ዋሻውን በሚመለከት፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጠባብና ጨለማ ነው። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት ሳይበራ አይገባም። ከመግባት በፊት ቆሞ ማዳመጥ፤ ከባድ መኪና ከኋላ ከሆነ አሳልፎ ቀጥሎት መግባት። የፀሐይ መነጽር ማውለቅን ሰው ይረሳል።

ስለ ማርሽ ጸሐፊው «ባለ ማርሽ ብስክሌት በቂ ነው» ብለው አልፈውታል። በቂ አይደለም፤ ወሳኙ ትንሹ ማርሽ ነው። ገበያ ላይ ያለው የተለመደ ባለ 26 ብስክሌት ከፊት ትንሹ 24 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነው። አንድ ዙር ፔዳል 1 ሜትር ከ77 ያስኬዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ለሚረግጥ ሰው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ከ400 ይሆናል። ዳገቱ በሚከርበት ቦታ ጓዝ የጫነ ሰው ይህን ፍጥነት ለግማሽ ሰዓት እንጂ ለግማሽ ቀን አይችለውም። ስለዚህ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ መጫን ይጀምራል፣ ጉልበቱ (መገጣጠሚያው ማለታችን ነው) ይታመማል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ሲሆን አንድ ዙር 1 ሜትር ከ34፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ከ800 ይመጣል። ከእግር ጉዞ አይበልጥም፣ ግን ሸክሙ በሩብ ይቀንሳል፣ ሳይቆሙ ይኬዳል። የኋላውን ጥርስ ብቻ ከ14 እስከ 34 በሆነው መቀየር ከሁሉም ወጪ የሚቀድም ነው። ካቴናውም በአዲሱ ልክ መርዘሙ አይረሳ፤ አጭር ካቴና ትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጣ ማርሽ ቀያሪውን ነቅሎ ይወስዳል።

ማርሽ ቀያሪው ሌላም ጠላት አለው፤ የአውቶቡስ ጣሪያ። ብስክሌቱ በማርሹ በኩል ተጋድሞ በላዩ የሽንኩርት ኬሻ ከተጫነበት ቀያሪውን የያዘችው ትንሽ ብረት ወደ ውስጥ ትጣመማለች። ሜዳ ላይ አይታወቅም። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትልቁ ጥርስ ሲገባ ግን ቀያሪው ራጂው (ቸርኬውን የወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል፣ ራጂ ይበጥሳል፣ ራሱም ይሰበራል፣ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ሲጫን በማርሹ በኩል ወደ ላይ፣ ከሥሩ ካርቶን፤ ሲወርድ ደግሞ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ፣ ካቴናውን ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጎ፣ በዝግታ እያሽከረከሩ በቀያሪውና በራጂው መሀል ቢያንስ የእርሳስ ውፍረት ክፍተት መኖሩን ማየት። ከሌለ በኪያቤ ይዞ ቀስ አድርጎ ማቃናት ነው። ይህችን ሁለት ደቂቃ መናኸሪያው ውስጥ ያጠፋ ሰው አይከፋውም።

ጓዙ ዝቅ ብሎ፣ በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ እኩል ተከፍሎ ይታሰር። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ በዳገት ትከሻን ይጎዳል፣ በቁልቁለት ደግሞ ሰውን ወደ ፊት ይገፋል። የውጭ አገሩ የጎን ቦርሳ ከሌለ ሁለት ጠንካራ የማዳበሪያ ከረጢት ከውስጥ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ባረጀ የውስጥ ጎማ ቁራጭ ማሰር ከገመድ ይበልጣል፤ ስለሚለጠጥ አይላላም። የዕቃ መጫኛውን ብረት የያዙት ቡሎኖች በኮረኮንች ላይ ይፈታሉ። በ4 ሚሊ ሜትር ቁልፍ በየማለዳው ማጥበቅ ነው፤ ሁለት ትርፍ ቡሎንም በኪስ።

የኋላ ጎማ ራጂ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ በማርሹ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ያሉት ከግራዎቹ የበለጠ የተወጠሩ ናቸውና። እሱን ለመቀየር ደግሞ ጥርሱን መፍታት ይጠይቃል፣ የመፍቻው ቁልፍ መንዝ ገጠር ውስጥ አይገኝም። ይያዝ፤ ትንሽ ነው። ካልተያዘ ለጊዜው ከተበጠሰው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ራጂዎች በግማሽ ዙር ማላላት፣ ቸርኬው ቀና ሲል የኋላውን ፍሬን ትንሽ ከፈት አድርጎ ቀስ እያሉ መንዳት። ከጉዞ በፊት ራጂዎቹን በጣት እንደ ክራር እየመቱ ማዳመጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ በአንድ ወገን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ይስጡ፣ የደነቆረው የላላ ነው።

ጎማ ከደጋ ይልቅ ቆላ ነው የሚበሳው። ከደብረ ሲና በታች የግራር እሾህ አለ፤ መንገድ ዳር ደግሞ ኩርንችት። ለምሳ እንኳ ሲቆም ብስክሌቱን ወደ ዳር መግፋት አይደለም፣ መሸከም ነው። የተበሳውን ሲለጥፉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማስቲሹ ሳይደርቅ ልጥፉን መጫን ላይ ነው። ብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት፣ ማስቲሹ ስስ ተደርጎ ከልጥፉ ሰፋ ብሎ ይቀባ፣ ከዚያ በጣት ሲነኩት እስካይለጥፍ ይጠበቅ። ሮቢት ላይ 3 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ደብረ ብርሃን በኅዳር ማለዳ 10 ደቂቃም ይፈጅ። የችኩል ልጥፍ ሲጫኑት የሚይዝ ይመስላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ሲግል ይለቃል። ከዚያ የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣት ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ መጥረግ፤ እሾሁ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። የጎማው ቫልቭ እንደ መኪና ያለው ወፍራሙ ቢሆን ይመረጣል፤ በየከተማው ያለ ጎሚስታ ይነፋዋል። ቀጭኑን ቫልቭ ይዞ የመጣ ሰው ከራሱ ፖምፓ ሌላ ተስፋ የለውም።

ካቴና ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ይቅር። አቧራውን ይሰበስብና ካቴናውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የስፌት መኪና ዘይት፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረግ። ካቴናው ማለቁን ለማወቅ ማስመሪያ ይበቃል፤ አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን መሀል እስከ 25ኛው ፒን መሀል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 306.5 ከደረሰ ይቀየር።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም፤ በልጉም አፋፉ ላይ ይዘንባል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ሞረትና ጅሩ የሚገባ ሰው ደግሞ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሁለት ፀሐይ ይጠብቅ፤ መረሬው፣ ጥቁሩ ጭቃ፣ ጎማና ሹካ መሀል ገብቶ ብስክሌቱን ጨርሶ ያቆመዋል፣ ሲደርቅ በመሮ ነው የሚወጣው። ችግሩ መልካሙ ወቅት ሌላ ነገርም ይዞ መምጣቱ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሮቢት አካባቢ ወባ የሚበረታበት ነው፤ ቆላ የሚያድር ሰው አጎበር ይኑረው፣ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዘው ለሐኪም «ቆላ አድሬ ነበር» ይበል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። በየምግብ ቤቱ እንቁላልና ወተት ይጠፋል፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ ነው የሚገኘው። ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ለሚረግጥ ሰው ቅባት ያንሰዋል። ለውዝና ተልባ ተይዞ ቢኬድ ይካካሳል። በሶ ግን ምትክ የለውም፤ 100 ግራም በሶ በማር ወይም በስኳር በጥብጦ ከጠርሙስ መጠጣት በዳገት መሀል ከማኘክ ይቀላል፤ 350 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። በየሰዓቱ ቢያንስ ግማሹን መውሰድ ነው፣ ሳይርብ። አረቄው ብርድ ያስወግዳል የሚባለው ልክ አይደለም፤ ቆዳን ያሞቃል፣ የውስጥ ሙቀትን ያስወጣል። ከጉዞው በኋላ ይደረስበታል።

ውሃ አፋፉ ላይ 3 ሊትር፣ ቆላ 5 ሊትር ይያዝ። የምንጭ ውሃ ሲያፈሉ እዚህ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ማወቅ ነው፤ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ሻይ ለምን እንደማይጠነክር፣ ሽንብራ ለምን እንደማይበስልም ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለ ሰዉ፤ መንዝ ውስጥ ሆቴል በሌለበት ቢመሽ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ» ማለት አሁንም ይሠራል፤ ግን ከመጨለሙ በፊት፣ ከብስክሌት ወርዶ፣ ባርኔጣ አውልቆ። ብስክሌት ላይ እንደተቀመጡ ሰላምታ መስጠት ፈረስ ላይ ሆኖ እንደማናገር ይቆጠራል። መንገድ ጠያቂም እንዲሁ ነው፤ «አባቴ» «እማማ» ብሎ፣ የቤት የልጅ ተጠያይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። ልጆች ድንጋይ ይወረውራሉ የሚባለው ፈጥኖ በሚሸሽ ሰው ላይ ነው፤ ወርዶ ስም የጠየቃቸው እንደሆነ ዳገቱን ይገፉለታል። ውሻ ሲመጣ መውረድ፣ ብስክሌቱን በመሀል ማድረግ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሳት፤ አብዛኛውን ጊዜ መወርወር አያስፈልግም። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከሳምንት በፊት በሰሙት ሳይሆን በዚያው ማለዳ መናኸሪያ ሄዶ ከዚያ መስመር የገቡ ሾፌሮችን መጠየቅ ነው። እነሱ «ዛሬ ይቅርብህ» ካሉ ይቅርበት፤ መሽቶም አይነዳ።

እንግዲህ መርሐ ግብሩን እንደገና የምታትሙ ከሆነ፣ በዚያች መስመር ፋንታ እንዲህ ይግባልን፦ «ደብረ ብርሃን – ጣርማ በር፣ 50 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቀን። ጣርማ በር – ሸዋ ሮቢት፣ 45 ኪሎ ሜትር፣ 1,700 ሜትር ቁልቁለት፣ ግማሽ ቀን ከነማብረጃው፤ መመለሻው በመኪና።» ከመውረዱ በፊት ደግሞ ደረቱ ላይ፣ ከሹራቡ በታች፣ አራት እጥፍ ጋዜጣ ያስገባ። ነፋስ የማያሳልፍ ከወረቀት የተሻለ ነገር የለም፤ የእናንተው ገጽ ስፋቱ ልክ ነው። ደብረ ሲና ሲደርስ ያውጣው፣ እየሞቀ ይሄዳልና።

ከአክብሮት ጋር፣
ብስክሌት ጠጋኞችና ተጓዦች፣ ደብረ ብርሃን